ከአልጋ ሥር የተከተተ ብስክሌት

«አመል ያወጣል ከመሀል» ይባላል። እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት አመሌ ከመሀል ሊያወጣኝ ከተቃረበ በኋላ ነው። መቼም ሰው ሁሉ አንድ የሚወደው ነገር አያጣም። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዱ የድሮ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሌላው መጽሐፍ እየገዛ ሳያነበው ይደረድራል። የእኔን ስነግርዎ ግን ይስቁ ይሆናል። እኔ የምሰበስበው የአሮጌ ብስክሌት ዕቃ ነው። ልብ ይበሉ፤ ብስክሌት አላልኩም፤ የብስክሌት ዕቃ ነው ያልኩት።

አምና በዚህ ጊዜ ደባርቅ ከተማ ወደ ተከራየኋት አንዲት ክፍል ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ከአልጋዬ ሥር ሁለት ጆንያ፣ ከበሩ ኋላ አንድ የዘይት ቆርቆሮ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረው ባዩ ነበር። በጆንያው ውስጥ ፔዳል፣ ሰንሰለት፣ የመሪ ብረትና የተጣመመ ቸርኬ አለ፤ በቆርቆሮው ውስጥ ኩሽኔታ በናፍጣ ተነክሮ ተቀምጧል፤ በጣሳዎቹም ውስጥ ብሎኑ ሁሉ እንደ ጥራጥሬ ተለቅሞ በየዓይነቱ ተለይቷል። አከራዬ እሜቴ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ አስተማሪ ነኝ ብለህ አይደል ቤቱን የተከራየኸው? ቀጥቃጭ መሆንህን ብትነግረኝ ኖሮ የጓሮውን ክፍል እሰጥህ ነበር» አሉኝ። እኔም ሣቅሁ። ማፈር የመጣው በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባሕር ዳር ስማር ነው። ባሕር ዳርን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ከተማው ሜዳ ነውና ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል። እኔም ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ በርካሽ ያገኘሁትን አሮጌ ብስክሌት እየነዳሁ ስማር ቆየሁ። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላው ጎማ እንብርት ላይ ጭቃውን ስጠርግ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት አየሁ። «ስተርሚ አርቸር» ይላል፤ 52 የሚል ቁጥርም አለበት። ጠይቄና አንብቤ እንደ ተረዳሁት፣ ይህ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ የተሠራ ባለ ሦስት ማርሽ እንብርት ነው። ቁጥሩም የተሠራበት ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. 1952 ማለት ነው። ያን ጊዜ አባቴ እንኳ አልተወለደም። ከቡጢ እምብዛም በማትበልጥ ብረት ውስጥ ጥርስ ያላቸው ትናንሽ ክቦች አንዱ በሌላው ዙሪያ ይዞራሉ፤ ለዳገት ሲሆን የጎማውን ዙር በሩብ ቀንሰው እግርን ያሳርፋሉ፤ ለሜዳ ሲሆን ደግሞ በሲሶ ጨምረው ያስሮጣሉ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ እንብርቱን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ብስክሌቱም በዚያው ቆሞ ቀረ። አሁን ሳስበው፣ በሽታው የጀመረኝ ያን ዕለት ነው።

«አሮጌ ብረት ምን ታሪክ አለው?» ይሉኝ ይሆናል። በእውነቱ ብዙ አለው። የጠጋኞቻችንን አነጋገር ያዳምጡ። ጎማ የሚለጥፈውን ሰው ጎሚስታ እንለዋለን፤ በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘውን ላስቲክ ካላማዳሪያ፣ ጭቃ የሚከለክለውን ቆርቆሮ ፓራፋንጎ፣ ብሎኑ የሚታሰርበትን ብረት ዳዶ፣ ብሎን መፍቻውን ካቻቪቴ እንላለን። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያን አፍ የቀሩ ቃላት ናቸው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ቢወጣም፣ በእኛ በኩል ጦርነቱ ከዚያ በኋላም ቆይቷል። ከደባርቅ አጠገብ ገደሉን ይጠብቅ የነበረው የጣሊያን ምሽግ እጁን የሰጠው በመስከረም፣ ጎንደርም የተለቀቀው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ጠላት ሄደ፤ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ቀረ፤ የጠጋኙም ቋንቋ ቀረ።

ብስክሌቱን ግን ያገራችን ልጆች የራሳቸው አድርገውታል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ድረስ ከተጓዙት ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐይ ባሕታና ኃይሉ ፋና የተባሉ አራት ብስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ላይ ለመሽቀዳደም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንግዲህ እኔ አንድ የዛገ ፔዳል ከመንገድ ባነሣሁ ቁጥር፣ «ምናልባት ይህ የሜልቦርኖቹ ዘመን ዕቃ ይሆናል» እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር። ጎንደር ስወርድ ቅዳሜ ገበያን ሳልዞር አልመለስም፤ አዲስ አበባ ስሄድም ዘመድ ከመጠየቄ በፊት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ እገኛለሁ።

ከዚህም በላይ ለመሰብሰብ በቂ ምክንያት ነበረኝ። የብስክሌት ዕቃ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ምሳሌ ልስጥዎ። በሁለት ጎማዎች ላይ 26 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያያሉ፤ አንደኛው 26 በ1 3/8፣ ሁለተኛው 26 በ2.125 ነው። ሁለቱም 26 ናቸውና ይተካካሉ ብለው ቢገዙ ገንዘብዎን ከሰሩ። የመጀመሪያው ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ስፋቱ 590 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሁለተኛው 559 ነው። የብሎኑም ነገር እንደዚሁ ነው። የፔዳሉ እንዝርት የሚታሰርባቸው ሁለት ቀለበቶች በእንግሊዙ ብስክሌት አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲጠብቁ፣ በጣሊያኑ ብስክሌት ሁለቱም ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የድሮ ብስክሌት ያለው ሰው አንድ ዕቃ ቢሰበርበት የዚያኑ ዓይነት ዕቃ ማግኘት አለበት፤ ያም ዕቃ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። «እንግዲያስ አንድ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው እኔ ልሁን» አልኩ። ምክንያቱ መልካም ነበር። ነገር ግን መልካም ምክንያት ለክፉ አመል መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ትምህርቴን ጨርሼ ደባርቅ ስመደብ ጆንያዬን ይዤ መጣሁ። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው፣ «እዚያ ብርድና ገደል እንጂ ብስክሌት ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው፤ በስተሰሜን በኩል ከወጡ ሊማሊሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቅዎታል። በስተደቡብ ወደ ዳባት የሚወስደው ግን የወገራ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ሰፊ አገር፣ አስፋልቱም በመካከሉ ያልፋል። ዳገትና ቁልቁለት ባይጠፋውም ጉልበት ላለው ልጅ ብስክሌት ይነዳበታል። ደግሞም የሚነዱ ልጆች አሉ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። ቤቱ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ነው። እንደሱ ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ እየሄዱ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እሱ ግን ታላቅ ወንድሙ ባሕር ዳር ገዝቶ የላከለት አሮጌ ፎኒክስ የሚባል የቻይና ብስክሌት ስለ ነበረው፣ ኪራይ ሳያስፈልገው በየቀኑ ከቤቱ ይመላለስ ነበር።

አምና በጥቅምት አጋማሽ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። «መምህር፣ የፔዳሉ ሽብልቅ ተሰበረብኝ። አባባ ጎሚስታው ከእርስዎ ዘንድ አይጠፋም ብለው ላኩኝ» አለኝ።

ሽብልቅ ያለው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ላስረዳዎ። በድሮ ብስክሌት ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ ከእንዝርቱ ጋር የሚጣበቀው በጣት በምትያዝ፣ በአንድ ወገን በተሞረደች አንዲት ብረት ነው። ዛሬ የሚሠሩት ብስክሌቶች አብዛኞቹ ይህች ብረት ስለማያስፈልጋቸው ሱቅ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ውፍረቷም ይለያያል፤ 9.5 ሚሊሜትር የሆነች አለች፤ 9 የሆነችም አለች፤ ያች ግማሽ ሚሊሜትር ካልገጠመች ክንዱ ይላወሳል። የፎኒክስ ቅርጽ ከድሮው የእንግሊዝ ብስክሌት የተወረሰ ስለ ሆነ፣ ለዚያ ልጅ ብስክሌት የምትሆነው 9.5ቷ ናት።

እኔም ነበረችኝ። አንድም አይደለች፤ ሦስት። ከምናለሽ ተራ ያገኘኋቸው፣ ከእንግሊዝ አገር በመጡበት የቅባት ወረቀት እንደ ተጠቀለሉ የቆዩ፣ አንድም ቀን ብስክሌት ላይ ገብተው የማያውቁ ነበሩ። ከሦስቱ አንዷን ባወጣ ስብስቡ የሚጎድል መሰለኝ። ወረቀቱ ሲቀደድ ታየኝ። ስለዚህ ለልጁ፣ «የለኝም፤ ሳገኝ እነግርሃለሁ» አልኩት። እሱም፣ «እሺ፣ መምህር» ብሎ ሄደ።

አንባቢዬ፣ ውሸት ሲናገሩት ትንሽ ነው። ልጁ በማግሥቱ ከሽብልቁ ቦታ ምስማር አስመትቶ መጣ፤ ምስማሩ ሁለት ቀን ያህል ይዞ ጎበጠ። ከዚያ በኋላ በእግሩ መመላለስ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ለመምጣት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ለመመለስ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ያረፈደ ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በር ላይ ይቆማል የሚል ደንብም ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ልጁን በር ላይ አቆምኩት። አንድ ቀን አይደለም፤ ብዙ ቀን። አንዱን ቀን ደግሞ ስለ ቀላል መሣሪያዎች ነበር የማስተምረው፤ በሰሌዳው ላይ የሽብልቅ ሥዕል ሥዬ ትንሽ ብረት ብዙ ኃይል እንዴት እንደምትሸከም ሳስረዳ፣ እሱ በበሩ ስንጥቅ ይጽፍ ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጓደኞቹን ብጠይቅ፣ «መተማ ወርዷል፤ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ» አሉኝ። በዚያ ወራት ከደጋው ወደ ቆላ ለቀን ሥራ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነውና አዘንኩ እንጂ አልደነቀኝም። የራሴን እጅ በነገሩ ውስጥ አላየሁትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ብረት በኪሎ ወደሚገዛው ነጋዴ ግቢ ሄድኩ። ከቆርቆሮውና ከተሰበረው ማረሻ መካከል አንድ የብስክሌት አካል ከነፔዳሉ፣ ከነዘንግ ፍሬኑ ወድቆ አየሁ። ደስታዬን ለነጋዴው እንዳላሳይ ፊቴን አጨፍግጌ በጥቂት ኪሎ ብረት ዋጋ ገዛሁና ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ማታ በፋኖስ ብርሃን ቁጭ ብዬ መፍታት ጀመርኩ። ክንዱን ላላቅቅ ሽብልቁን ስፈልግ፣ በሽብልቁ ቦታ የጎበጠ ምስማር አገኘሁ።

ብዙ ጊዜ ምስማሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያም አልጋዬን አንሥቼ ሦስቱን ሽብልቆች ከነወረቀታቸው አወጣሁና ከምስማሩ አጠገብ አኖርኳቸው። ምንም የምጨምረው ቃል የለኝም፤ እርስዎው ይፍረዱ።

በማግሥቱ ወደ ጎሚስታው ሽማግሌ ሄድኩ። በመኪና መንገዱ ዳር፣ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚሠሩ፣ ከእኔ ሦስት እጥፍ ዕድሜ ያላቸው ሰው ናቸው። ምስማሩን አሳየኋቸው።

«ይህማ እኔ የመታሁት ነው» አሉ። «ምስማር ሽብልቅ አይሆንም፣ ብዬ ነግሬው ነበር። ምን ያድርግ?»

«አባባ፣ ሽብልቁ እንዳለኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ እንጂ። አንተው አይደለህ እንዴ አምጥተህ ያሳየኸኝ? ወረቀቱን እንኳ አትንኩብኝ ብለኸኝ ነበር።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩኝም፤ ይልቅስ መዶሻቸውን አንሥተው፣ «አምጣው እንጂ» አሉኝ። ያን ቀን እስኪመሽ አብረን ሠራን። ሽብልቁን አስገባን፤ ካላማዳሪያ ለወጥን፤ ኩሽኔታውን ከዘይት ቆርቆሮዬ አውጥተን ቀየርን። ለጎደለው ሁሉ ዕቃ ከጆንያዬ ተገኘ። ያን ያህል ዘመን ስሰበስብ፣ አንድ ሙሉ ብስክሌት ከአልጋዬ ሥር ተኝቶ እንደ ነበር አላወቅሁም ነበር።

እሑድ ዕለት ብስክሌቱን እየነዳሁ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ ደጅ ላይ ገብስ ያሰጣሉ። ብስክሌቱን ሲያዩ ደነገጡ። «ልጁ እኮ የለም፤ ይህንንም የሸጠው ለመኪና መሳፈሪያ ብሎ ነው» አሉኝ። እኔም የሆነውን ሁሉ፣ የዋሸሁትን ጭምር ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው መሬት መሬት ካዩ በኋላ፣ «ቁጭ በል፣ ልጄ፤ መንገድ መጥተሃል» ብለው ጠላ ቀዱልኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ስመለስ በእግሬ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ምን ያህል እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጁ በታኅሣሥ መጨረሻ ተመለሰ፤ የቀረበት ቀን ግን ስለ በዛ ዓመቱን ሊያድነው አልቻለም። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍልን እንደገና ጀምሯል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «ምንም አይደል፣ መምህር» አለኝ። ምንም አይደል ሊባል የሚችል ነገር ግን አልነበረም። የአንድ ልጅ አንድ ዓመት ነበር።

በዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። አሮጌ ዕቃ መውደድ ነውር ነው ብዬ አላምንም። በእንግሊዝ አገር የድሮ ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አለ። በጣሊያን አገር በቶስካና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ሌሮይካ» የሚባል ጉዞ ይደረጋል፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ ያልተሠራ ብስክሌት ይዞ መቅረብ አለበት። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ እነዚያ ሰዎች አሮጌውን ብስክሌት ይዘው በጥርጊያ መንገድ ላይ አቧራ ለብሰው ይነዱታል። የሚሰበስቡት ሊነዱት ነው። እኔ ግን የሰበሰብኩት እንዳይነዳ ነበር። በሰብሳቢና በቋጣሪ መካከል ያለው ልዩነት የዕቃው ብዛት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እንደማየው ልዩነቱ፣ የቸገረው ሰው መጥቶ በጠየቀ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ነው።

ዛሬ ከአልጋዬ ሥር ጆንያ የለም። አከራዬ እሜቴም ቤቱ ሰፋ ብለዋል። ዕቃው ሁሉ ከጎሚስታው ሽማግሌ ሸራ ሥር፣ ከሣጥን እንጨት በሠራናት መደርደሪያ ላይ ነው። በየጣሳው ላይ ልኩን ጽፌአለሁ፤ 9.5 ለብቻ፣ 9 ለብቻ። የሚያስፈልገው ሰው የሰበረውን ትቶ ደህናውን ይወስዳል፤ የተሰበረውም ቢሆን ተሞርዶ ለሌላ ይሆናል። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንዳንድ ተማሪዎች እየመጡ ብሎን ይለያሉ፤ ያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅም ከእነሱ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት ከእኔ በፊት ስለሚደርስ፣ ስገባ ብስክሌቱን ከአጥሩ ተደግፎ አየዋለሁ። ከሦስቱ ሽብልቆች ሁለተኛዋ ለአንድ የዳባት ልጅ ሆናለች። ሦስተኛዋ ጣሳ ውስጥ ያለ ወረቀት ተራዋን ትጠብቃለች።

ለራሴ ያስቀረሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው 52 የሚል ቁጥር ያለበት እንብርት ነው፤ እሱንም ራጂ ገዝቼ ጎማ ላይ ላስገባው ነው፤ ሲዞር ማየት አማረኝ። ሁለተኛው ያ የጎበጠ ምስማር ነው። እሱን ግን ለማንም አልሰጥም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እርስዎ የብስክሌት ዕቃ አይሰበስቡ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከአልጋዎ ሥር ይመልከቱ። ምናልባት አንድ ሰው በእግሩ እየሄደ የሚፈልገው ነገር እዚያ ተጠቅልሎ ይገኝ ይሆናል።